ሽምግልና የማይዘጋው ጉዳይ

በሐብሩ ወረዳ ውርጌሳ ላይ ጎረቤታሞች በድንበር ቢጣሉ ሽማግሌ ገብቶ ያስታርቃል። ደግ ልማድ ነው። የተደፈረች ልጅ ጉዳይ ግን በዕርቅ አያልቅም። ለምን? ምን ይደረጋል? ስንትስ ያስወጣል? በየተራ እንያቸው።

ከሕጉ እንጀምር። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የጠለፋትን ያገባ ሰው እንዳይከሰስ መንገድ ይከፍት ነበር። ሽማግሌ መላክም ከቅጣት ማምለጫ ሆኖ ኖረ።

በ1980ዎቹ መጨረሻ አርሲ ውስጥ የ14 ዓመቷ አበራሽ በቀለ ተጠልፋ ተደፈረች። ልታመልጥ ስትል ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለችው። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ተከራከረላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ስትከላከል ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት።

ማኅበሩና ሌሎች ሴቶች ሕጉ እንዲለወጥ ወተወቱ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ያንን ቀዳዳ ደፈነው። ዛሬ ጠላፊ የጠለፋትን ቢያገባም ከቅጣት አይድንም። አስገድዶ መድፈር ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ተጎጂዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት ከሆነች ቅጣቱ 20 ዓመት ይደርሳል።

«ይህ ፌሚኒዝም የፈረንጅ ነገር አይደለም ወይ?» ይሉ ይሆናል። ፌሚኒዝም ማለት ሴት ከወንድ እኩል መብትና ክብር አላት ማለት ነው። «እኔም» የተባለው የሴቶች ንቅናቄ ዓለምን ያዳረሰው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። የአበራሽ ክርክር ከዚያ በ20 ዓመት ገደማ ይቀድማል።

በአንዲት ሴት ላይ ጥቃት ቢደርስ ወዴት ይኬዳል? መጀመሪያ ወደ ሐኪም። ኤች አይ ቪ እንዳይዛት የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ከዚያ ለ28 ቀን ይወሰዳል። እርግዝና መከላከያው እስከ 5 ቀን ይሠራል፤ ቶሎ ሲወሰድ ግን ይበልጥ ይሠራል። ጤና ጣቢያው መድኃኒቱ ከሌለው ወልድያ ወይም ደሴ ሆስፒታል ይውሰዷት።

ሳትመረመር አትታጠብ። የለበሰችውንም አታጥቡ፤ በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ጠቅልላችሁ አስቀምጡ። ማስረጃ ነው።

ብታረግዝስ? በመደፈር የመጣን እርግዝና በሐኪም ማቋረጥ ሕጉ ይፈቅዳል። ለዚህ የእሷ ቃል ይበቃል፤ የፍርድ ቤት ውሳኔ አይጠበቅም።

ከዚያ ለፖሊስ ማመልከት ነው። ውርጌሳ ላይ ካልተቻለ የወረዳው ከተማ መርሳ አለ። ቃሏን ሴት ፖሊስ እንድትቀበላት መጠየቅ ትችላላችሁ። ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ ነው፤ ማለትም ስለ መንግሥት የሚከስ የሕግ ባለሙያ።

ወጪውስ? ዐቃቤ ሕግ ስለሚከስ ጠበቃ መግዛት የለባችሁም። ኪስ የሚነካው የመኪና ሂሳብ፣ የቀጠሮ ምልልስና የሚፈታ የሥራ ቀን ነው። ምክር ከፈለጋችሁ የሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አቅም ለሌላቸው ሴቶች በነፃ ይሰጣል። ከሁሉ የሚከብደው ሐሜቱ ነው፤ እሱን የሚያቀልለው ዘመድና ጎረቤት ነው።

«ቤተሰቦቹ ከታረቁስ?» ደም እንዳይፋሰሱ መታረቃቸው መልካም ነው። ክሱ ግን የመንግሥት ስለሆነ በዕርቅ አይዘጋም።

እርስዎ ሽማግሌ ከሆኑ ካሣ ከመቁረጥዎ በፊት አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ልጅቱ ሐኪም ዘንድ ደርሳለች? ካልደረሰች መኪና ያፈላልጉላት። ምስክሮችንም ማንም እንዳያስፈራራቸው ይቁሙላቸው። የሽማግሌ ክብር እዚህ ላይ ይታያል።