ከአያት ሰንዳፋ በብስክሌት፦ ካርታው በማን አገር ሕግ ይጫወታል?

ኦፍሳይድ ለንደን ላይም፣ አምስተርዳም ላይም፣ አዲስ አበባ ላይም ኦፍሳይድ ነው። ዳኛው ሊሳሳት ይችላል፤ ሕጉ ግን አንድ ነው። ብስክሌተኛውን በስልኩ "በዚህ ሂድ፣ በዚያ ታጠፍ" እያለ የሚመራው ዲጂታል ካርታ ግን እንዲህ ያለ የጋራ ሕግ የለውም። እንግሊዝ ውስጥ "እለፍ" የሚል ትርጉም ያለው ቃል ኔዘርላንድስ ሲደርስ ቀይ ካርድ ይሆናል። ያው ቃል ኢትዮጵያ ውስጥ ሲጻፍ ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

ብዙዎቹ የብስክሌት መንገድ ጠቋሚ ፕሮግራሞች መረጃቸውን የሚቀዱት ከኦፕን ስትሪት ማፕ ነው። ይህ ካርታ በ2004 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊው ስቲቭ ኮስት የጀመረው፣ ማንም ሰው ተመዝግቦ ሊሥልበትና ሊያርመው የሚችል የዓለም ካርታ ነው። ሠዓሊው አብዛኛውን ጊዜ የሳተላይት ፎቶ እያየ መስመር ያሰምራል፤ ከዚያም "ታግ" የሚባል መለያ ይለጥፍበታል። ፕሮግራሙ መንገዱን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። የሚያውቀው መለያውን ብቻ ነው። መለያው ከተሳሳተ ምክሩም አብሮ ይሳሳታል፤ በልበ ሙሉነት ሆኖ!

ዋናው ጣጣ "ትረንክ" የምትባለው መለያ ናት። እንግሊዞች በአረንጓዴ ሰሌዳ የሚለዩአቸውን ዋና ዋና መንገዶች ትረንክ ይሏቸዋል፤ ብስክሌት በአብዛኞቹ ላይ አይከለከልም። ደቾቹ ግን ይህን መለያ የሚሰጡት ለመኪና ብቻ ለተተወ ፈጣን መንገድ ነው፤ ሳይክል ይዞ የገባ ይቀጣል። እኛ ዘንድስ? በመንገዶች አስተዳደር አመዳደብ መንገዶች አምስት ደረጃ አላቸው፤ የመጀመሪያው ትረንክ ይባላል፤ አዲስ አበባን ከድንበሮችና ከዓለም አቀፍ መስመሮች ጋር የሚያገናኝ ማለት ነው። ስለ ብስክሌት የሚለው ነገር የለም። ከተማ ሲገባ ጋሪውም፣ ባጃጁም፣ አህያውም፣ እግረኛውም ያው በእሱ ላይ ነው።

እንግዲህ ከአያት ተነስቶ በጣፎና በለገጣፎ በኩል ወደ ሰንዳፋ ለመውጣት የፈለገ ሰው የሚገጥመውን መገመት ነው። የደብረ ብርሃኑ አስፋልት ለረጅም ርቀት ሯጮቻችን የልምምድ ሜዳ ነው። ለብስክሌተኛም ከዚህ የተሻለ ቀጥ ያለ አስፋልት በዚያ አካባቢ የለም። ፕሮግራሙ የደቹን ትርጉም ይዞ ከተነሳ ግን "ይህ መንገድ ክልክል ነው" ብሎ በየገበሬው ማሳ መሐል ያዞረዋል። በበጋ አቧራ ነው። በክረምት ግን ጥቁሩ አፈር ጎማና ፍሬን ላይ ተለስኖ ሳይክሉን ያሸክማል። የእንግሊዙን ትርጉም ከያዘም ሌላ ችግር አለ፤ "ይቻላል" ብሎ በሲኖትራኮች መሐል ይለቀዋል፤ የመንገዱ ዳር ስፋት ምን ያህል እንደሆነ ማንም ካልጻፈለት ከየት አምጥቶ ይወቀው?

መንገዱ ቀልድ አይደለም። የኢትዮጵያ ብስክሌት ያደገው ከመኪና ጋር እየተጋፋ ነው። አገሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ በተካፈለችበት የ1956 (እ.ኤ.አ.) ሜልቦርን ገረመው ደንቦባ በጎዳና ውድድር 25ኛ ሲወጣ፣ ቡድኑ 9ኛ ነበር። ጽጋቡ ግርማይ በ2016 (እ.ኤ.አ.) ቱር ደ ፍራንስን የጀመረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። በጎረቤት ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በ2024 (እ.ኤ.አ.) ሦስት ዙር አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ሲለብስ ደግሞ ኳስ ብቻ የሚያይ ሁሉ ስለ ሳይክል ማውራት ጀመረ። አዲስ ጀማሪው ታዲያ መንገዱን የሚጠይቀው ስልኩን ነው።

"ትራክ" የምትባለው መለያም አለች። አውሮፓ ውስጥ የእርሻ ትራክተር መተላለፊያ ናት። ከሩቅ አገር ሆኖ በሳተላይት የሚሥል ሰው አስፋልት ያልለበሰ መንገድ ባየ ቁጥር ትራክ ብሎ ይለጥፋል። በአፍሪካ ግን ኮረኮንቹ የወረዳው ዋና መንገድ ሊሆን ይችላል፤ አውቶቡስ ይሄድበታል። ለዚህም ሲባል ለአፍሪካ የተዘጋጀው የካርታው መመሪያ መንገድ በጠቀሜታው እንጂ በንጣፉ እንዳይመደብ ይላል፤ ንጣፉ ለብቻው ይጻፋል።

ንጣፍ ከተነሳ አይቀር፣ በጣም የሚያስቀው የኮብልስቶኑ ነገር ነው። የአያት ኮንዶሚኒየሞች የውስጥ መንገድ በብዛት ኮብልስቶን ነው፤ በመዶሻ ተጠርቦ አራት ማዕዘን የሆነ ድንጋይ። በካርታው ቋንቋ የተጠረበ ድንጋይ "ሴት" ይባላል። የሰፈሩ ልጅ ግን ሰው ሁሉ የሚጠራበትን ስም፣ "ኮብልስቶን"ን ይጽፋል። ፕሮግራሙ ይህን ሲያነብ ያልተጠረበ ድቡልቡል ድንጋይ ሊመስለው ይችላል። ከዚያ ወዲያ ጸጥ ያለውን የውስጥ መንገድ ሸሽቶ ነጂውን ወደ ዋናው አስፋልት ያወጣዋል። ቃሉ ትክክል፣ ምክሩ ስህተት!

ሁሉም መለያ ግን አያከራክርም። ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ አዳማ የሚደርሰው የክፍያ መንገድ በ2014 (እ.ኤ.አ.) የተከፈተ ሲሆን በካርታው "ሞተርዌይ" ነው፤ ይህች ቃል በአብዛኛው አገር ብስክሌት አታስገባም። ጨዋታ ለማየት አዳማ በሳይክል ልሂድ የሚል ደጋፊ ካለ ፕሮግራሙ በአቃቂ፣ ዱከምና ቢሾፍቱ ነው የሚወስደው፤ ልክም ነው።

አያት ውስጥ ግን ሌላ ጥያቄ አለ፤ ባቡሩ። በ2015 (እ.ኤ.አ.) ሥራ የጀመረው ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደው ቀላል ባቡር መንገዱን በአጥር ለሁለት ከፍሎታል። በእግረኛ ማቋረጫ ላይ ሳይክሉን ወርዶ እየገፉ መሻገር ለሰፈሩ ሰው የዕለት ተዕለት ነገር ነው። ፕሮግራሙ ግን ማቋረጫው ላይ "የእግረኛ" የሚል ብቻ ካነበበ ብዙውን ጊዜ ብስክሌትን አይፈቅድም፤ ማዶ ያለውን ሱቅ ለመድረስ እስከሚቀጥለው አደባባይ ሄዶ እንዲዞር ይነግረዋል። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ከቦሌ እስከ መገናኛ የተሠራው የብስክሌት መስመርም እንዲሁ ነው፤ በካርታው ላይ መስቀለኛው ጋ መስመሩ ከሌላው ካልተያያዘ ለፕሮግራሙ በገደል የሚያልቅ መንገድ ነው።

ማስተካከያው ደቂቃ አይፈጅም። ትረንኩ ላይ "ብስክሌት፦ ይፈቀዳል"፣ ድንጋዩ ላይ "የተጠረበ"፣ ማቋረጫው ላይ "ወርዶ መግፋት" ብሎ መጻፍ ነው። ይህን ለመጻፍ ግን በዚያ መንገድ ላይ የነዳ ሰው ያስፈልጋል፤ አምስተርዳም ያለው ሠዓሊ በአያት ማቋረጫ ላይ ሳይክል ገፍቶ አያውቅም።