ከመርከብ የወረደች በረሮ

ማታ የማድ ቤት መብራት ሲበራ ወደ ስንጥቋ የምትሮጠው ትንሿ ቡናማ በረሮ የመዝገብ ስሟ «የጀርመን በረሮ» ነው። ስሙን የሰጣት የፍጥረታት ስም አውጪው ሊኔየስ ነው፣ በ1767 (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሩሲያውያን «የፕሩሲያ» ሲሏት ፕሩሲያውያን መልሰው «የሩሲያ» ይሏት ነበር፤ የእኛ ናት ያለ አልተገኘም። በግንቦት 2024 የወጣ ጥናት ክርክሩን ወደ ሌላ አህጉር ወሰደው። ቺያን ታንግና ባልደረቦቹ ከ17 አገሮች የተሰበሰቡ የ281 በረሮዎችን ዘረ መል አነጻጽረው፣ ይህች በረሮ ከ2,100 ዓመት ገደማ በፊት በህንድ ወይም በምያንማር በኩል ከእስያ በረሮ እንደተለየች አሳዩ። ከ1,200 ዓመት በፊት ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ተሻገረች። ከ390 ዓመት በፊት ደግሞ የደችና የእንግሊዝ ነጋዴዎች በምሥራቅ ህንድ ኩባንያዎቻቸው ዘመን ወደ ሌላው የእስያ ክፍል ይዘዋት ሄዱ።

የመዝናኛ ጀልባ ያለው ሰው ይህን ሲሰማ ብዙም አይደነቅም። በረሮ በመርከብ እንደምትጓዝ ማንም ሳይነግረው ያውቃል፤ አሁንም አብራው እየተጓዘች ነውና። ካፒቴን ብላይ «ባውንቲ» የተባለ መርከቡን ታሂቲ ላይ አቁሞ የዳቦ ፍሬ ችግኝ ሲጭን የመርከበኞቹን ሣጥኖች ወደ የብስ አውርዶ የመርከቡን ውስጥ በፈላ ውሃ አሳጥቦ ነበር፣ በረሮ ለመግደል። ይህ የሆነው መርከበኞቹ በ1789 ሳያምፁበት በፊት ነው። የፈላ ውሃው ዘዴ ለእንጨት መርከብ መጥፎ አልነበረም። ለዛሬው ጀልባ ግን አይሆንም፤ ምክንያቱን ለማየት የጀልባውን ሆድ መክፈት ይበቃል።

አብዛኛው የፋይበርግላስ ጀልባ እንደ ሁለት ቅርፊት ነው የሚሠራው። ውጭኛው ውሃውን የሚከፍለው አካል ነው፤ ውስጠኛው አልጋውን፣ ወንበሩን፣ የማድ ቤቱን መደርደሪያ የሚሸከመው ነው። በሁለቱ መካከል እጅ የማይደርስበት ክፍተት አለ፤ በዚያ ክፍተት የኤሌክትሪክ ሽቦና የውሃ ቱቦ ይተላለፋል። በረሮ የምትወደው ጀርባዋም ሆዷም ግድግዳ የሚነካበትን ጠባብ ቦታ ነው፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከበቂ በላይ ነው። ሞተሩ ሙቀት ይሰጣታል። ከበረዶ ሣጥኑ ግድግዳ የሚንጠባጠበው ላብ ውሃ ይሆናታል፤ ያለ ምግብ ሳምንታት የምትቆየው በረሮ ያለ ውሃ ቶሎ ትሞታለችና ይህ ጠብታ ከፍርፋሪው ይልቅ ያቆያታል። ሴቷ ከ30 እስከ 40 እንቁላል የያዘ ከረጢት እስኪፈለፈል ድረስ ከጭራዋ ጋር ተሸክማ ትዞራለች። በሙቅ ቦታ ከእንቁላል እስከ ሙሉ በረሮ ያለው ጊዜ ሁለት ወር ገደማ ነው። እንደ ፍሎሪዳ ባለ ሙቅ ቦታ አንድ የበጋ ወቅት ከአንድ ትውልድ በላይ ያፈራል ማለት ነው።

እዚህ ላይ በጀልባ ሰዎች ዘንድ እንደ ሃይማኖት የሚጠበቅ አንድ ሕግ አለ፤ ካርቶን ወደ ጀልባ አይገባም። ዕቃው ወደቡ ላይ ይራገፋል፣ ካርቶኑ እዚያው ይጣላል፣ ሙዙ በባሕር ውሃ ይነከራል። ምክንያቱ ሲጠየቅ «እንቁላሏን በካርቶኑ ክፍተት ትጥላለች» ይባላል። የጀርመኗ በረሮ ግን፣ አሁን እንዳልነው፣ እንቁላሏን ይዛ ነው የምትዞረው። ከረጢታቸውን ካርቶን ላይ አጣብቀው የሚሄዱት ሌሎች፣ ክንፏ ላይ ቡናማ መቀነት ያላት በረሮና ትልቋ «የአሜሪካ በረሮ» ናቸው። (የአሜሪካዋም ስም እንዲሁ አሳሳች ነው፤ በባሪያ ንግድ መርከቦች ከአፍሪካ የሄደች ናት።) ሕጉ ግን ትክክል ነው። የጀርመኗም ካርቶን ውስጥ ራሷ ተደብቃ ትገባለች፣ ከረጢቷን ከጭራዋ ጋር ይዛ።

በረሮ ያየ ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው ፍሊት ነው። ፍሊት ስታንዳርድ ኦይል በ1923 ገበያ ላይ ያወጣው የአንድ ምርት ስም ሆኖ ሳለ እኛ ዘንድ የማንኛውም የሚነፋ መድኃኒት መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። በጀልባ ዓለም የፍሊት ታላቅ ወንድም «ቦምብ» ይባላል፤ ጣሳውን መሐል ወለል ላይ አስቀምጦ፣ ቀዳዳውን ከፍቶ፣ በሩን ዘግቶ መውጣት ነው። ዋጋው ትንሽ ነው፣ ልፋት የለውም፣ ሲነፋ ደግሞ አንድ ነገር የተደረገ ይመስላል። ችግሩ በረሮዎቹ አለመሞታቸው ነው። የሰሜን ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 ባወጡት ጥናት በረሮ የወረራቸውን 30 ቤቶች ተከታትለው ነበር። ቦምብ በተነፋባቸው ቤቶች የበረሮው ቁጥር አልቀነሰም፤ መርዙ ግን ሰው በሚበላበትና ልጅ በሚድህበት ወለል ላይ በብዙ እጥፍ ጨመረ። የጄል ማባበያ የተቀመጠባቸው ቤቶች ውስጥ የበረሮው ቁጥር ወረደ። ጭጋጉ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ በረሮዋ ደግሞ ጭጋጉ በማይደርስበት ስንጥቅ ውስጥ ነው ያለችው።

በጀልባ ላይ ሌላ ነገር ይጨመርበታል። ጭጋጉን የሚገፋው ጋዝ ይቀጣጠላል። ቤት ውስጥ ከሆነ ምድጃውን አጥፍቶ መብራቱን ከቆጣሪው መቁረጥ ይቻላል። ጀልባ ግን ውሃ ላይ ነው፤ ወደ ሆዱ የሚሰርገውን ውሃ የሚያወጣው ፓምፕ ባለቤቱ ባይኖርም በራሱ ይነሳል፣ ካልተነሳም ጀልባው ሊሰምጥ ይችላል። የፓምፑ ማብሪያ ማጥፊያ የሚገኘው ደግሞ የማብሰያ ጋዝና የቤንዚን ትነት በሚጠራቀምበት፣ በጀልባው ዝቅተኛ ቦታ ነው። ይህን እያወቀ ቦምብ የሚሸጥ ሰው ሁሌም አይጠፋም።

ታዲያ ምን ይሠራል? አሰልቺው መልስ ጄል ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ወገንተኝነትም ከእሱ ጋር ነው። በመርፌ መሰል ቱቦ የሚመጣ ዝልግልግ ያለ ማባበያ ነው፤ በውስጡ ፊፕሮኒል ወይም ኢንዶክሳካርብ የመሰለ ቀስ ብሎ የሚገድል መርዝ አለ። የምስር ፍሬ ያህል ጠብታ በማጠፊያው ሥር፣ ከበረዶ ሣጥኑ ጀርባ፣ ሽቦው ግድግዳውን ሰንጥቆ በሚገባበት ቀዳዳ ከንፈር ላይ ይደረጋል። አንድ ትልቅ ክምር ሳይሆን ብዙ ትናንሽ ጠብታ ነው የሚያስፈልገው። ሌሊት በቀይ መብራት ቢያዩት (በረሮ ቀይ ብርሃን ብዙም አይታያትም) አንዷ መጥታ በጢሟ ትዳስሰዋለች፣ ትበላለች፣ ተመልሳ ወደ ስንጥቁ ትገባለች። መርዙ ቀርፋፋ መሆኑ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። እዚያ ውስጥ ትሞታለች፤ ግልገሎቹ ኩሷንና ሬሳዋን ይበላሉ፣ እነሱም ይከተሏታል። ሰው እጁ የማይደርስበት ክፍተት ውስጥ መርዙን ተሸክማ የምትገባው ራሷ በረሮዋ ናት። ፍሊት የሚነፋ ሰው ይህን ያበላሻል፤ ጠብታው አጠገብ ፍሊት ከተነፋ ጠረኑ ያባርራታል፣ ጄሉም ሳይነካ ይደርቃል።

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ ጁልስ ሲልቨርማን የተባለ የነፍሳት ተመራማሪ ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ አፓርትማ ማባበያ ተደርጎበት በረሮ እየተራባበት እንደሆነ ተመለከተ። መርዙን ተላምደው ይሆን? አልነበረም፤ ማባበያውን ጭራሽ አይነኩም ነበር። አንድ በአንድ ለይቶ ሲፈትን የጠሉት መርዙን ሳይሆን ጣፋጩን ግሉኮስ ሆኖ ተገኘ። ልጆቻቸውም ጠሉት፤ ባሕርዩ በዘር ይተላለፋል። በ1993 አሳተመው፤ እንዴት እንደሚሆን ለማወቅ ግን 20 ዓመት ፈጀ። በ2013 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ አያኮ ዋዳ ካትሱማታ፣ ሲልቨርማንና ኮቢ ሻል እንዳሳዩት በእነዚህ በረሮዎች አፍ ዙሪያ ያሉት መራራ የሚለዩ ነርቮች ግሉኮስ ሲነካቸው ይነሳሉ። ስኳሩ እሬት እሬት ይላቸዋል ማለት ነው። ያልተለወጡት ዘመዶቻቸው በልተው ሲሞቱ ስኳር የመረራቸው ተረፉ፣ ወለዱ።

ከ2022 ወዲህ ከእነዚሁ ተመራማሪዎች ቤተ ሙከራ የወጣው ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። ወንዱ በረሮ ሴቷን የሚያባብለው ከጀርባው በሚያመነጨው ጣፋጭ ፈሳሽ ነው። የሴቷ ምራቅ ሲነካው ፈሳሹ ወደ ግሉኮስ ይለወጣል፤ ግሉኮስ የሚመርራት ሴት ጀምራ ትሸሻለች። ስለዚህ ወንዶቹ የፈሳሹን ቅመም ቀየሩ፣ ግንኙነቱንም አፋጠኑ። የአንድ ፋብሪካ የማባበያ ቅመም የአንድን የበረሮ ዝርያ የጋብቻ ሥርዓት ለወጠ። የጄል ሠሪዎች ግሉኮሱን በሌላ ስኳር መተካት ጀመሩ፤ ሽኩቻውም ቀጠለ። በ2019 የፐርዱ ዩኒቨርሲቲው ማይክል ሻርፍና ባልደረቦቹ አንድን መርዝ የተቋቋሙ በረሮዎች ያልቀመሱትን ሌላ መርዝ ጭምር በአንድ ትውልድ ውስጥ ሊቋቋሙ እንደሚችሉ አሳይተዋል። ጄሉን በየጊዜው ዓይነቱን እየለወጡ መጠቀም የሚመከረው ለዚህ ነው።

ቦሪክ አሲድን የሚያስታውሰው እዚህ ላይ የደረሰ ሰው ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1948 በፀረ ተባይነት ተመዝግቧል፤ ርካሽ ነው፣ ሽታ የለውም፣ በረሮ ሊላመደው እንደቻለ የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃም የለም። ስህተቱ ሁሌ አንድ ነው፤ ሰው እንደ ዱቄት ይቆልለዋል። በረሮ ክምሩን ዞራ ታልፋለች። ዓይን የማያየው ስስ ብናኝ ከሆነ ግን እግሯ ላይ ይይዛታል፣ እግሯን ስትልስ ትውጠዋለች። እርጥብ ከሆነ አይሠራም፤ ጀልባ ደግሞ እርጥብ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚያንጠባጥበውን ቱቦ ማጥበቅና የበረዶ ሣጥኑን ላብ ማድረቅ ይቀድማል።

የቀሩት ተባዮች ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ነቀዝ ዱቄቱን ከያዘው ዱቄቱ ይጣላል፤ አዲሱ ወደ ጀልባው ከመግባቱ በፊት ጥቂት ቀን ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆያል። ትኋን በፊት ለፊቱ ጠባብ መኝታ ፍራሽ ስፌት ውስጥ ከገባ በ48 ዲግሪ ሙቀት ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ሲቆይ ከነእንቁላሉ ይሞታል፤ ፍራሹን አውጥቶ ማሞቅ ጀልባውን በሙሉ ከማሞቅ ይሻላል፣ ባትሪውና የአደጋ ጊዜ ርችቱ ሙቀት አይወዱምና። ጭቃ ሠሪዋ ተርብ የነዳጅ ታንኩን ትንፋሽ መውጫ በጭቃ ትደፍናለች፣ ሞተሩም መሐል ሐይቅ ላይ ይጠፋል። ጥሩ ወንፊት ይበቃል።

ምስጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የደረቅ እንጨት ምስጥ ከመሬት ጋር ግንኙነት አያስፈልገውም፤ አንድ የካቢን በር ለአንድ ቤተሰብ ይበቃዋል። የሚያስታውቀው ከትንሽ ቀዳዳ የሚረግፈው ኩሱ ነው፤ ጤፍ የሚያክል፣ ቀርበው ሲያዩት ስድስት ጎን ያለው ደረቅ ፍሬ። መጥረጊያ ይዞ የሚጠርገው ሰው ብዙ ጊዜ የእንጨት ብናኝ ይመስለዋል። ከእነዚህ በጣም የታወቀው የምዕራብ ኢንዲስ ምስጥ የሚባለው ነው፤ የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲው ሩዶልፍ ሼፍራንና ባልደረቦቹ በ2009 የትውልድ አገሩ የፔሩና የቺሊ የባሕር ዳር በረሃ መሆኑን ገልጸዋል። ከዚያ ያወጡት የስፔን መርከቦች ናቸው።

ሼፍራን የጀልባን ነገር አልተወም። በ2010 ከሃርትቪግ ሆህማይር ጋር ባወጣው ጥናት በደቡብ ፍሎሪዳ ቤት የሚበሉት ሁለት ወራሪ የመሬት ምስጦች በካርታ ላይ ሲቀመጡ ከጀልባ ማቆሚያዎች አጠገብ ተሰብስበው ታዩ። ክንፍ ያላቸው ምስጦች በመንጋ ከጀልባ ተነስተው ወደ ቅርቡ ቤት ይበራሉ። የዝናብ ውሃ የሚያሾልክ ጣሪያ ያለው ጀልባ መሬት ሳይነካ የመሬት ምስጥ ሙሉ ከተማ ሊሸከም ይችላል። ባለቤቱ በየሳምንቱ የሚያጥበው ነጭ የመዝናኛ ጀልባ ለምስጥ ታንከር መርከብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እዚህ ጄል አያዋጣም፤ ጀልባውን በሸራ ሸፍኖ በጋዝ ማጠን ነው። ቀድሞ ሜቲል ብሮማይድ ነበር፤ የኦዞን ንጣፍን ስለሚጎዳ በሞንትሪያል ስምምነት ባደጉ አገሮች በ2005፣ በሌሎቹ በ2015 ቆሟል፣ ከጥቂት ልዩ ፈቃዶች በስተቀር። ፎስፊን መዳብ ይበላል፣ ሽቦ ለሞላው ጀልባ አይሆንም። የቀረው ሰልፈሪል ፍሎራይድ ነው። ራሱ ሽታ ስለሌለው ዓይን የሚያቃጥል ሌላ ጋዝ አስቀድሞ ይለቀቃል፣ የተደበቀ ሰው ካለ እንዲወጣ። የኦዞን ንጣፍን አይነካም፤ ነገር ግን በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ4,000 እጥፍ በላይ ያሞቃል። የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች በ2024 እንዳሳዩት አሜሪካ ከምትለቀው ሰልፈሪል ፍሎራይድ አብዛኛው የሚነሳው ከካሊፎርኒያ ነው፣ በአየር ንብረት ሕጓ ከምትኮራው። ማጠኑ ሲያልቅ ሸራው ይገለጣል፣ ጋዙ ወደ ሰማይ ይሄዳል።

አንዴ የገባን ምስጥ ማጥፋት ምን ያህል እንደሚከብድ የፍሎሪዳዋ ዳንያ ቢች ታሳያለች። በ2001 በዚያች ከተማ፣ ከአንድ የጀልባ ማቆሚያ ብዙም ሳይርቅ፣ አሜሪካ ውስጥ ያልነበረ ዓይነት ምስጥ ተገኘ፤ ከካሪቢያን ወይም ከደቡብ አሜሪካ በጀልባ እንደገባ ይታመናል። ጭንቅላቱ እንደ ሾጣጣ ቆብ ነው፣ መሬት ለመሬት እንደ ጉንዳን ይሰማራል፣ ዛፍ ላይ ኳስ የሚያክል ጎጆ ይሠራል። የግዛቱ ሠራተኞች ዘመቱበት፤ ጠፋ ተባለ። በ2011 ተመልሶ ታየ። በ2016 ደግሞ ወደ ሰሜን ርቃ በምትገኘው በፖምፓኖ ቢች ተገኘ። የአካባቢው ሰዎች የሚነገራቸው ምክር፣ ግድግዳ ወይም ግንድ ላይ እንደ ደም ሥር የተዘረጋ ቡናማ መስመር ካዩ ፍሊቱን አስቀምጠው፣ መስመሩን ሳይነኩ፣ እንዲደውሉ ነው።