ብቅል ሲከርም፤ ከሐራ ማሽላ እስከ ስኮትላንድ በርሜል

ማሽላ በሐብሩ ወረዳ ቆላማ ቀበሌዎች ዋነኛ ሰብል ነው። በወረዳው የሚገኘው የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም «ግራና 1»ን የመሳሰሉ ዝርያዎችን አውጥቷል። ይሁንና በሐራም ሆነ በመርሳ ገበያ ማሽላ የሚሸጠው በአብዛኛው በጥሬው ነው። የስኮትላንድ ገብስ ግን በቅሎ፣ ተጠንስሶና በበርሜል ከርሞ ሲወጣ ዋጋው ሌላ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ1926 ማካላን በተባለ ፋብሪካ የተጠመቀ ውስኪ በበርሜል 60 ዓመት ከርሞ፣ በ1986 ሲቀዳ የተገኘው 40 ጠርሙስ ብቻ ነበር። ከእነዚያ አንዱ በ2023 ለንደን ላይ በጨረታ ከ2 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሸጧል።

አሠራሩ አረቄ ለሚያወጡ የወሎ እናቶች እንግዳ አይደለም። ገብሱ ተነክሮ ይበቅላል፤ ደርቆ ይፈጫል፤ ከተብላላ በኋላ በመዳብ ጋን አብዛኛውን ጊዜ ሁለቴ ይጣራል። ዳግም አረቄም ሁለቴ የሚወጣ ነው። መንገዱ የሚለያየው ከዚህ በኋላ ነው። አረቄ በወጣ ሰሞን ይሸጣል፤ የስኮትላንድ ሕግ ግን በኦክ እንጨት በርሜል ቢያንስ 3 ዓመት ያልቆየውን «ውስኪ» ብሎ መሸጥ አይፈቅድም። በርሜሉ ቀለምና መዓዛ ይሰጣል፤ በየዓመቱም 2 በመቶ ገደማ ይተናል። ያንን የአገሩ ሰዎች «የመላእክት ድርሻ» ይሉታል። መጋዘኑ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ነው፤ ግብሩ የሚከፈለው መጠጡ ሲወጣ ነው። የትኛው በርሜል ከየትኛው እንደሚቀላቀል ግን፣ እንደ እኛ አገር የጌሾ መጠን፣ የቤት ምስጢር ነው።

ገብስ የደጋ ነው የሚል የቆላ አርሶ አደር ቻይናን ይመልከት። ማውታይ የተባለው ውድ መጠጥ የሚሠራው ከቀይ ማሽላ ነው፤ የሚከርመውም በእንጨት ሳይሆን በሸክላ ጋን ነው።

መጠጥ የማይነካ አርሶ አደር በሐብሩ ብዙ ነው። ብቅል ግን ለሕፃናት ገንፎም ይውላል፤ የማሽላ ቡቃያና ሥር መርዝነት ስላለው አድርቆ ማራገፍ ግድ ነው እንጂ።

የብቅል ገዥ የሚፈልገው ሕያው እህል ነው። በጉድጓድ የከረመ ማሽላ ይሞቃል፣ ይሸታል፣ የመብቀል ኃይሉም ይዳከማል፤ ለእንጀራ ቢሆን እንኳ ለብቅል አይሆንም። ነቀዝ የበላውም እንዲሁ። በመድኃኒት የታሸ ዘር ደግሞ ፈጽሞ ለብቅል መዋል የለበትም።

ፍተሻው ላብራቶሪ አይጠይቅም። ከጎተራው የተለያየ ቦታ 100 ፍሬ ወስዶ በእርጥብ ጨርቅ መጠቅለል፣ እንዳይደርቅ ውሃ ማርከፍከፍና ከ4 ቀን በኋላ የበቀለውን መቁጠር ነው። 60 ብቻ ከበቀለ፣ የቀረው 40 ተነክሮ ይሻግታል፤ የበቀለውንም ያበላሻል። የቀበሌ የግብርና ባለሙያዎች ይህን ቆጠራ ከአርሶ አደሩ ጋር ሊያደርጉት የሚገባው እህሉ ጎተራ ሲገባና ለሽያጭ ሲወጣ፣ ሁለት ጊዜ ነው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት የማከማቻውን ጉዳት ያሳያል።