ጥርስ ሳያምም መመልከት

በካራቆሬም ሆነ በሌሎች የይፋት ቆላ አጥቢያዎች ጥርስ የሚታወሰው ብዙ ጊዜ ሌሊት እንቅልፍ ሲነሣ ነው። በዚያን ጊዜ ግን ጕዳቱ ከጥርሱ ውስጠኛ ክፍል ደርሷል፤ አስቀድሞ ቢታይ ኖሮ በመሙላት ይድን የነበረው ጥርስም ይነቀላል። ወደ ጥርስ ሐኪም ለመድረስ መንገዱ ረጅም፣ ወጪውም ከባድ ለሆነበት ምእመን ራሱን በቤቱ መፈተሽ ትልቅ ጥቅም አለው። ስለዚህ የፍተሻውን ሥርዓት በአጭሩ እናስረዳለን።

በልማድ «ጥርሱን ትል በላው» ይባላል፤ ጥርስ የሚበላ ትል ግን የለም። በአፋችን የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ስኳርን ወደ አሲድ ይለውጣሉ፤ አሲዱም የጥርስን ጠንካራ ሽፋን ቀስ በቀስ ያሟሟል። ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ለስላሳ መጠጥና ከረሜላ ብቻ ሳይሆኑ፣ ልጆች ቀኑን ሙሉ የሚያኝኩት ሸንኮራና ጥንቅሽም ለዚህ ምክንያት ይሆናሉ። በተለይ የሚጎዳው መደጋገሙ ነው።

ፍተሻው በወር አንድ ጊዜ ቢደረግ መልካም ነው። በመጀመሪያ እጅን መታጠብ፣ ጥርስን ማጽዳትና በንጹሕ ውኃ መጉመጥመጥ ያስፈልጋል። ከዚያም ከደጃፍ ላይ ፊትን ወደ ብርሃን መልሶ በመስተዋት መመልከት ነው። ሌላ ሰው በእጅ ባትሪ ቢረዳ የኋላ መንጋጋዎች በደንብ ይታያሉ። ጥርሱን በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅም ይገባል፤ የመጀመሪያው ምልክት በርጥብ ጥርስ ላይ ይሰወራልና።

ያ ምልክት እንደ ኖራ የነጣ ነጥብ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ከድዱ አጠገብ ይታያል። በዚህ ደረጃ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና በቀን 2 ጊዜ በመቦረሽና ጣፋጭን በመቀነስ ጕዳቱን መግታት ይቻላል። በማኘኪያው ገጽ ላይ ቡናማ ወይም ጥቁር ጕድጓድ ከታየ፣ ምግብ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ከተሰነቀረ፣ ወይም ቀዝቃዛና ጣፋጭ ነገር ከጠዘጠዘ ግን ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባል። ጕድጓዱን በመርፌ ወይም በእሾህ መነካካት የደከመውን ሽፋን ይሰብረዋል።

የቀለም ለውጥ ሁሉ ብስባሴ አይደለም። ሻይና ቡና ጥርስን ያጠቁራሉ፤ እንደ ወንጂና መተሐራ ባሉ የስምጥ ሸለቆ ቦታዎች ያደጉ ሰዎች ጥርስም በውኃው ፍሎራይድ ብዛት ይበልዛል። በዚህ ምክንያት የሚመጣው ብልዘት በብዙ ጥርሶች ላይ ይታያል። በሌላ በኩል በሁለት ጥርሶች መካከል የሚጀምር ብስባሴ በመስተዋት ላይታይ ይችላል፤ ስለዚህ የቤት ፍተሻ የሐኪምን ምርመራ አይተካም።

ለሕፃናት ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ6 ዓመት ገደማ ከወተት ጥርሶች ኋላ የሚበቅለው መንጋጋ ቋሚ ነው። ወላጆች «ይወልቃል» ብለው ቢተዉት ልጁ ምትክ የሌለውን ጥርስ ያጣል። ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን ግግ ማስወጣትም ጕዳት እንጂ ፈውስ ስላልሆነ ካህናት አጥብቀው እንዲመክሩ እናሳስባለን።

ጉንጭ ወይም አንገት ካበጠ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ መዋጥ ወይም አፍን መክፈት ካስቸገረ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መሄድ ግዴታ ነው። በታመመ ጥርስ ላይ ነዳጅ ወይም የባትሪ አሲድ ማድረግ፣ ከሌላ ሰው የተረፈ መድኃኒት መውሰድም አደገኛ ነው።

በመጨረሻ የሰበካ ጉባኤያትን የምናሳስበው ስለ አብነት ተማሪዎች ነው። ከወላጆቻቸው ርቀው የሚማሩት እነዚህ ልጆች አፋቸውን የሚያይላቸው የላቸውም። የፊት ጥርሱን ያጣ ደቀ መዝሙር ደግሞ በንባቡም በዜማውም ሰ፣ ዘ እና ጸ ይኮላተፉበታል። አንድ መስተዋት፣ አንድ የእጅ ባትሪና አንድ መዝገብ ይበቃሉ። በወር አንድ ቀን ተማሪዎቹን በተራ መመልከት፣ ምልክት የታየበትን መመዝገብና ለሕክምናው መጓጓዣ ከአጥቢያው መርዳት ይቻላል። ብሩሽም ሆነ መፋቂያ ለእያንዳንዱ የግሉ ይሁን። ከመኝታ በፊት ማጽዳትም አይታለፍ፤ በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ ስለሚቀንስ ጥርስ መከላከያው ይደክማልና።