ኮራልን ሳይጎዱ መጎብኘት

ኮራል ድንጋይ ቢመስልም ሕይወት አለው። ጥቃቅን የባሕር እንስሳት በኅብረት የሚገነቡት የዓሦች መጠለያና መራቢያ ነው። ዕድገቱ አዝጋሚ በመኾኑ በአንድ እርግጫ የተሰበረውን ለመተካት ዓመታት ያስፈልጋሉ።

በአሜሪካ ሃዋይ ግዛት፣ በኦዋሁ ደሴት የሚገኘው የሃናውማ ባሕረ ሰላጤ ከ1967 እ.ኤ.አ ጀምሮ ጥብቅ ሥፍራ ነው። በውኃ መነጽርና በመተንፈሻ ቱቦ ኮራሉን ለማየት የሚሻ የውጭ ጎብኝ ከ2 ቀናት በፊት በሚከፈተው የበይነ መረብ ምዝገባ ቦታ ማስያዝ ይኖርበታል። ወደ ባሕሩ ከመውረዱ በፊትም ስለ ጥንቃቄው የሚያስረዳ ፊልም ይመለከታል። ኮራል መርገጥና መንካት፣ ዓሦችን መመገብም ክልክል ነው። መቆም ያስፈለገው ሰው አሸዋማ ቦታ መምረጥ አለበት።

ሃዋይ ከ2021 እ.ኤ.አ ጀምሮ ኮራልን የሚጎዱ ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት ያለባቸው የፀሐይ መከላከያ ቅባቶች ያለ ሐኪም ትዕዛዝ እንዳይሸጡ ከልክላለች። በመኾኑም እጅጌው ረጅም የኾነ የዋና ልብስ መያዝ ይመረጣል።

ሥፍራው ሰኞና ማክሰኞ ዝግ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ለወራት ሲዘጋ የውኃው ጥራት ተሻሽሎ ታይቷል። የተራቆተ ተፋሰስን ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነጻ አድርጎ ያገገመለት አርሶ አደር ምክንያቱን አያጣውም፤ ባሕርም እንደ መሬት ዕረፍት ይሻል።