በጽሑፍ የሚነጋገሩ አብራሪዎች

በአንዋር መስጊድ ሰፈር ዕቃ ያስጫነ ሰው እንደሚያውቀው፣ በዚያ ሁካታ መካከል ለሹፌሩ ከመጮኽ ይልቅ የዕቃውን ብዛትና የሚራገፍበትን ስፍራ በብጣሽ ወረቀት ጽፎ መስጠት ይሻላል። ከዚሁ ሰፈር ነጋዴውን ወደ ጓንጁ የሚያደርሱት ድሪምላይነርና ኤርባስ 350 አውሮፕላኖችም ይህንኑ ለማድረግ የሚያስችል መሣሪያ አላቸው።

አብራሪና የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ የኖሩት በሬዲዮ እየተነጋገሩ ነው። በገጠር የፕሮጀክት ጣቢያ በሬዲዮ የሠራችሁ ወገኖች ችግሩን ታውቁታላችሁ፤ ድምፁ ሲንሿሿ «አምስት ኩንታል» ይሁን «ሃምሳ ኩንታል» መለየት ያቅታል። በአየር ጉዞ ግን የሚጠፋው የሰው ሕይወት ነው። መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. በካናሪ ደሴቶች፣ በቴኔሪፍ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰዎች አለቁ። ከምክንያቶቹ አንዱ ተቆጣጣሪውና የአንደኛው አውሮፕላን አብራሪዎች በአንድ ቅጽበት መናገራቸው ነበር፤ ለመነሣት በሚያኮበኩበው በሌላው አውሮፕላን ውስጥ የተሰማው በአብዛኛው ፉጨት ብቻ ሆነ።

በጽሑፉ አሠራር ተቆጣጣሪው አስቀድመው ከተዘጋጁ ዐረፍተ ነገሮች አንዱን መርጦ ይልካል፤ ይኸውም «ወደ 35 ሺህ ጫማ ውጣ» እንደሚለው ያለ ነው። መልእክቱ በሳተላይት ወይም በምድር ጣቢያ በኩል ደርሶ በአብራሪው ፊት ባለው ሰሌዳ ላይ ይታያል። አብራሪውም «እፈጽማለሁ»፣ «አልችልም» ወይም «ጠብቁኝ» ከሚሉት አንዱን መርጦ ይመልሳል። ቃሉ እንደ ድምፅ በኖ አይጠፋም፤ ረዳት አብራሪውም ራሱ ያነበዋል።

ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ተራው የሬዲዮ ሞገድ በማይደርስበት በውቅያኖስ ላይ ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በደቡብ ፓስፊክ ተሠርቶበታል፤ ዛሬ ደግሞ ሰሜን አትላንቲክን በተለመደው ከፍታ ለሚያቋርጡ አውሮፕላኖች በአብዛኛው ግዴታ ሆኗል።

ይሁን እንጂ ጉድለት አለው። በሬዲዮ የሚነገረውን በአካባቢው ያሉ አብራሪዎች ሁሉ ይሰሙታል፤ አንዱ ሲሳሳት ሌላው ሊያነቃው ይችላል። ጽሑፉን ግን የሚያየው የተላከለት ብቻ ነው። (ይህ በእኔ ግምት ቀላል ኪሳራ አይደለም።) ደግሞም መልእክቱ ሊዘገይ ይችላል፤ ጊዜው ያለፈበት ትእዛዝ ዘግይቶ ቢደርስና ቢፈጸም አደገኛ ነው። በዚህ የተነሣ በመነሣትና በማረፍ ጊዜ፣ አስቸኳይ አደጋ ሲያጋጥምም፣ ንግግሩ በቃል ነው። አውሮፕላኑ አዲስ አበባ ለማረፍ ሲቃረብ አብራሪው ከቦሌ የመቆጣጠሪያ ማማ የሚሰማው አሁንም የሰው ድምፅ ነው።