አሮጌ ኮምፒውተር ማን እንደሠራው እንዴት ይታወቃል?

ካምፓላ ያገለገለ ዕቃ ከእንግሊዝም፣ ከአሜሪካም፣ ከዱባይም የሚገባባት ከተማ ናት። ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ ተቋሙን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው፤ የዚያ ዘመን ማሽን ዛሬም ከተጣለ የቢሮ ዕቃ መሃል ብቅ ቢል አይገርምም። እንዲህ ያለ ሣጥን በከተማዋ ካባላጋላ ሰፈር የሚኖር ወገናችን እጅ ቢገባ፣ መጀመሪያ የሚያየው ፊቱ ላይ የተለጠፈውን ስም ነው። ያ ስም ግን አያስተማምንም። ብዙ ጊዜ ክፍሎቹን ገዝቶ የገጣጠመው ነጋዴ የለጠፈው ነው። እውነቱ ያለው ማዘርቦርዱ ላይ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ሶኬት ላይ አይሰኩት። የኡጋንዳ መብራት 240 ቮልት ነው። ከአሜሪካ የመጣ ፓወር ሰፕላይ ጀርባው ላይ ያለችው ትንሽ መቀየሪያ 115 ላይ ከሆነች፣ በሰኩት ቅጽበት ይቃጠላል።

አሁን በካቻቪቴ ይክፈቱትና ቺፖቹን ያንብቡ። አብዛኞቹ ላይ አራት አሃዝ አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዓመት፣ የኋለኞቹ ሳምንት ናቸው። 8437 ማለት በ1984 በ37ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ 8237 እና 8253 ቀን ይመስላሉ እንጂ የታወቁ የቺፕ መለያ ቁጥሮች ናቸው። ኢንቴል ከስሙ አጠገብ የሚያትመው 1978ም የንድፉ የባለቤትነት ዓመት ነው፣ ምርቱ ከዚያ ዓመታት ዘግይቶ ሊሆን ይችላል። ሶኬት ላይ የተሰካ ቺፕ በኋላ ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል፣ በብየዳ የተያዙትን ይመኑ። ቦርዱ ከእነሱ መሃል ከአዲሱ ቀድሞ ሊሠራ አይችልም።

ቀጥሎ ለማሽኑ የፍጥነት ምት የምትሰጠውን ብርማ ክሪስታል ይፈልጉ። 14.31818 የሚል ካለባት የአይቢኤም ወይም የአፕል ሁለት ዘር መሆኑን ይጠርጥሩ። ቁጥሩ የአሜሪካ ቴሌቪዥን የቀለም ፍሪኩዌንሲ አራት እጥፍ ነው፤ አይቢኤም ለሦስት አካፍሎት 4.77 ሜጋኸርዝ አገኘ። 14.000 ከሆነ ደግሞ የእንግሊዙ ሲንክሌር ስፔክትረም ዘመድ ሊሆን ይችላል።

ዋናው ማስረጃ ባዮሱ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው በቺፕ ላይ የተቀመጠ ፕሮግራም ነው። አይቢኤም በ1981 ፒሲውን የሠራው ማንም ከገበያ ሊገዛቸው ከሚችል ክፍሎች ነበር፤ በሕግ የራሱ ያደረገው ባዮሱን ነው። በ1982 ኮምፓክ የአይቢኤምን ኮድ ባላዩ መሐንዲሶች አዲስ ባዮስ አስጻፈ። በ1984 ፊኒክስ የራሱን ጽፎ ለፈለገ ሁሉ ይሸጥ ጀመር፤ የተመሳሳይ ፒሲ ጎርፍ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ይህ ሕጋዊ ሥራ ነው፣ እኔም አከብረዋለሁ። ነገር ግን የቺፑን ይዘት በማንበቢያ መሣሪያ አውጥተው፣ አይቢኤም ባልሠራው ቦርድ ውስጥ የአይቢኤም የ1981 የባለቤትነት ጽሑፍ ካገኙ፣ የያዙት የተሰረቀ ቅጂ ነው።

አዲስ አበባ ያሉ አንባቢዎች አንድ ተጨማሪ ነገር ይያዙ፤ በደርግ ዘመን ወዳጃችን የነበረችው ሶቪየት ኅብረት የኢንቴልን ቺፖች ቀድታ ታመርት ነበር። የምዕራቡ ቺፕ እግሮች የሚራራቁት 2.54 ሚሊሜትር ነው፣ የሶቪየቱ 2.5። ልዩነቱ ኢምንት ነው፤ ባለ 40 እግሩ ቺፕ ላይ ግን በአንድ ጎን 19 ክፍተት ስላለ ጫፉ ላይ ሲደርስ 0.76 ሚሊሜትር ይሆናል። ስለዚህ የምዕራቡ ሶኬት ውስጥ በደንብ አይገባም። በኃይል ከተጫኑት እግሩ ይታጠፋል።

ዓይን ያወጣ ማጭበርበርም ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ከተሸጡ የ486 ማዘርቦርዶች አንዳንዶቹ ላይ የተበየዱት የካሽ (ፈጣን ማስታወሻ) ቺፖች ውስጣቸው ባዶ ፕላስቲክ ነበር፤ ባዮሱም ካሽ አለ ብሎ እንዲዋሽ ተደርጓል። ቦርዱን ገልብጠው መስመሮቹን ይከተሉ፤ ከቺፑ እግር ተነስተው የትም የማይደርሱ ከሆነ ሐሰተኛ ነው።

አደራ የምለው አንድ ነገር አለ። የባዮሱ ቺፕ ላይ ያለውን ስቲከር አይላጡ። ሥሩ የመስታወት መስኮት ካለ፣ የፀሐይ ብርሃን ቀስ በቀስ ይዘቱን ይደመስሰዋል። ቦርዱን ለቁራሌው ከመስጠትዎ በፊት ፎቶ ያንሱት፤ መሣሪያው ያለው ሰው ካገኙም ይዘቱን ያስቀዱ።